በጅቡቲ ሙቀት ለልጅ የሚሆን ሄልሜት

ጅቡቲ ከተማ ለምትኖሩ ወላጆች፦ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ከባድና የታፈነ ሄልሜት ያደረገ ልጅ ከዓይናችሁ እንደራቀ ያወልቀዋል። ለብስክሌት ቀላልና የአየር ቀዳዳው የበዛ ምረጡ፤ ከ300 ግራም በታች የሆነ አለ። ውስጡ ኢኤን 1078 የሚል የአውሮፓ ደረጃ ምልክት ይኑረው። ለሞተር ሳይክል ግን ይህ አይበቃም።

ዋናው ልኩ ነው። ከቅንድብ በላይ የጭንቅላቱን ዙሪያ በሜትር ለኩ። እባካችሁ፣ “ያድግበታል” ብላችሁ ሰፊ አትግዙ፤ ልጁ ሲወድቅ ሄልሜቱ ወደ ኋላ ይንሸራተትና ግንባሩን ያጋልጠዋል። ጠርዙ ከቅንድብ ሁለት ጣት ከፍ ይበል፤ ማሰሪያው ከጆሮ ሥር ይገናኝ፤ ከአገጭ ሥር ከአንድ ሁለት ጣት በላይ አያስገባ። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት፤ ፎሙ ይጎዳል። በኃይል ከተመታ፣ ስንጥቅ ባይታይበትም ቀይሩት።