የሬዲዮ ቫልቭ እንደገና ሲበራ

ከመሀል ከተማ ወደ ሰሚት ኮንዶሚኒየም የተዛወረ ቤተሰብ ይዞት ከሚመጣው ዕቃ መካከል አንዳንዴ የአባት ወይም የአያት ሬዲዮ ይገኛል። ሣጥኑ እንጨት፣ ፊቱ ጨርቅ፣ ለማንሳት ሁለት እጅ የሚጠይቅ ዕቃ ነው። ቤቱ ሲጠብ በረንዳ ይወጣል፤ በረንዳው ሲጠብ ደግሞ በብሎኮቹ መካከል እየተጣራ ለሚያልፈው ቁራሌው በብረት ዋጋ ይሸጣል። ሆኖም በሣጥኑ ውስጥ በሚዛን የማይተመን ነገር አለ፤ ቫልቭ የሚባሉት የመስታወት አምፖሎች። ከእነዚህ አንዱን የዋንዛ እንጨት ላይ አቁሞ በትንሽ ቮልት ማብራት ይቻላል። የሳሎን ጌጥ ይሆናል፤ ከጌጥም በላይ፣ ኤሌክትሮኒክስ የተጀመረበትን ሥራ በዓይን የሚያሳይ፣ ዛሬም በሕይወት ያለ መሣሪያ ነው።

ዓለምን ያገናኘ መስታወት

ታሪኩ የሚጀምረው ከመብራት አምፖል ነው። ቶማስ ኤዲሰን በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. አምፖሉን ሲያሻሽል፣ ከጋለው ክር ተነሥቶ ባዶውን ቦታ አቋርጦ የሚሄድ ኮረንት እንዳለ አስተዋለ። ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ በ1904 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ክስተት ተጠቅሞ ኮረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ሠራ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሊ ደ ፎረስት በመካከል ሦስተኛ አካል ጨመረበት፤ ይህም ደካማን ምልክት የማጉላት ችሎታ ሰጠው። ሬዲዮ፣ የረጅም ርቀት ስልክና ቴሌቪዥን የተስፋፉት በዚህ መስታወት ነው። በ1946 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የታየው ኤኒያክ የተባለው ኮምፒውተር 18,000 ገደማ ቫልቮች ነበሩት።

በአገራችን የአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ በ1928 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ተመርቆ ሲከፈት፣ ድምፁን ወደ አየር የላከው የቫልቭ ማሠራጫ ነበር። በ1955 ዓ.ም. ሥርጭት የጀመረው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮም ባለ100 ኪሎዋት ማሠራጫዎቹ በቫልቭ ይሠሩ ነበር። በ1947 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ላይ የተፈለሰፈው ትራንዚስተር ግን ያነሰ፣ የረከሰና ብዙ ኃይል የማይበላ በመሆኑ ሬዲዮን ከሳሎን አውጥቶ በእረኛው እጅ አስያዘው። የእንጨቱ ሬዲዮ ዝም ያለው ከዚያ በኋላ ነው።

ብርሃኑ ከየት ይመጣል?

በቫልቩ መሀል ካቶድ የሚባል ቀጭን የኒኬል ቱቦ ቆሟል። በውስጡ የሚያልፈው የተንግስተን ክር ማሞቂያ ነው። የካቶዱ ገጽ በባሪየምና በስትሮንቲየም ኦክሳይድ የተለበጠ በመሆኑ፣ 750 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ኤሌክትሮኖች ከገጹ ተላቀው ይወጣሉ። ዙሪያውን የከበበው አኖድ አዎንታዊ ቮልት ካለው ወደዚያ ይበራሉ። አየሩ ከመስታወቱ ውስጥ የተመጠጠውም ለዚህ ነው፤ የአየር ሞለኪውሎች ካሉ ኤሌክትሮኑን መንገድ ላይ ያስቀሩታል፣ ክሩንም ያቃጥሉታል።

የሚታየው ብርሃን እንግዲህ የሙቀቱ ምልክት ነው። የጋለ ነገር ሁሉ እንደ ሙቀቱ መጠን ቀለሙን ይቀይራል። የጥንቱ የመብራት አምፖል ክር 2,500 ዲግሪ አካባቢ ስለሚደርስ ብርሃኑ ቢጫ ሆኖ ይነጣል፤ ካቶድ ግን ከዚያ ሲሦውን እንኳ ስለማይደርስ የቡና ከሰል ፍም የመሰለ ብርቱካናማ ቀይ ይሆናል። አኖዱ ከለላ ስለሚሆን ፍሙ በደንብ የሚታየው ከላይና ከታች ባለው ክፍተት ነው።

ከመስታወቱ ጫፍ ወይም ጎን ላይ የብር መስታወት የመሰለ ጥላ ይታያል። ይህ ባሪየም ነው፤ ሥራው የተረፈውን ጋዝ እየያዘ ባዶነቱን መጠበቅ ነው። ጥላው ወደ ነጭ ከተቀየረ አየር ገብቷል ማለት ስለሆነ ያ ቫልቭ አይበራም።

የቱን ቫልቭ እንምረጥ?

መልሱ በመስታወቱ ላይ ተጽፏል። በአውሮፓ ሥርዓት የመጀመሪያው የላቲን ፊደል ስለ ማሞቂያው ይናገራል። «ኢ» ከሆነ ማሞቂያው 6.3 ቮልት ይፈልጋል፤ ለእኛ ሥራ የሚመቸው ይህ ነው። «ዲ» ለባትሪ ሬዲዮ የተሠራ ባለ1.4 ቮልት ስለሆነ ክሩ እምብዛም አይታይም፤ በ5 ቮልት ደግሞ ይበጠሳል። «ፒ» እና «ዩ» ማሞቂያዎቻቸው ተቀጣጥለው እንዲሠሩ የታሰቡ ናቸው፤ አብዛኞቹ ከፍ ያለ ቮልት ይጠይቃሉ። በአሜሪካ ሥርዓት መጀመሪያ የሚመጣው ቁጥር ራሱ የማሞቂያውን ቮልት በግምት ይነግረናል።

ጥሩ ምሳሌ በብዙ የአውሮፓ ሬዲዮዎች የድምፅ ማጉያ የነበረው ኢኤል 84 ነው። ዘጠኝ እግሮች አሉት። ከታች ሆነን ሰፊውን ክፍተት መነሻ አድርገን በሰዓት አቅጣጫ ስንቆጥር 4ኛውና 5ኛው የማሞቂያው ናቸው። በ6.3 ቮልት 0.76 አምፔር ይወስዳል፤ ይህም 5 ዋት የማይሞላ ነው። በየምሽቱ ለ5 ሰዓት ቢበራ በወር የሚፈጀው ከ1 ኪሎዋት ሰዓት በታች ነው።

አሠራሩ

በመጀመሪያ በቴስተር 4ኛውና 5ኛው እግር መገናኘታቸውን ማየት ያስፈልጋል። ጥቂት ኦም ካሳየ ክሩ ጤነኛ ነው። ቀጥሎ ቫልቩን ከነመቀመጫው መጠቀም ይገባል፤ ሽቦን በቀጥታ እግሩ ላይ መበየድ መስታወቱን ሊሰነጥቅ ይችላል። መቀመጫው መሀሉ በተቦረቦረ እንጨት ላይ ይታሰራል፤ ሙቀቱ እንዲወጣ ከሥር ቀዳዳ ይተውለታል። ኃይሉን ከስልክ ቻርጀር 5 ቮልት መውሰድ ይቻላል። ከሙሉው 6.3 ቮልት ያነሰ በመሆኑ ብርሃኑ ይለዝባል፣ የክሩ ዕድሜም ይረዝማል። ቻርጀሩ ቢያንስ 2 አምፔር የሚሰጥ ይሁን፤ ቀዝቃዛ ክር ሲነሣ ብዙ ኮረንት ይስባል። ብርሃኑ ቀስ ብሎ፣ በሰከንዶች ውስጥ ይደምቃል።

አንዳንድ ሻጮች ከሞተ ቫልቭ ሥር ሰማያዊ ወይም ቀይ ኤልኢዲ ያስቀምጣሉ። ክሩ ለተበጠሰ ቫልቭ ይህ መፍትሔ ነው፤ ክሩ ጤነኛ ለሆነው ግን የራሱን ብርሃን መስጠት ይገባል።

ጥንቃቄ

አሮጌን ሬዲዮ ለሙከራ ብሎ 220 ቮልት ላይ መሰካት አይገባም። በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ከ250 ቮልት በላይ ይይዛሉ፤ ከተነቀለም በኋላ ክፉኛ ሊመቱ ይችላሉ። ስለዚህ ቫልቩን የሚያወጣው የድሮ ሬዲዮ የሚያውቅ ጠጋኝ ይሁን። የአሮጌ ቴሌቪዥን ቱቦ ፈጽሞ አይነካ፤ ሲሰበር ወደ ውስጥ ፈንድቶ ስብርባሪ ይረጫል። በውስጡ ጠብታ ሜርኩሪ የሚታይበት ቫልቭም ይተው። የበራ ቫልቭ መስታወቱ ስለሚግል ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ይቁም። ሬዲዮው ተጠግኖ ሊናገር የሚችል ከሆነ ደግሞ ቫልቮቹን አለማፍረስ ይሻላል፤ መርካቶ ምናለሽ ተራን ከመሰለ ገበያ ነጠላ ቫልቭ መፈለግ የተሻለ ነው።

ጌጡ ሲመሰክር

የሰሚት አካባቢ የሳይንስ መምህራን ይህን ጌጥ ወደ ክፍል ይዘውት ቢገቡ ደስ ይለኛል። ማሞቂያው በርቶ ሳለ የኢኤል 84 2ኛና 3ኛ እግር አንድ ላይ፣ 7ኛና 9ኛም አንድ ላይ ይታሰራሉ። ባለ9 ቮልት ባትሪ አዎንታዊው ጫፍ ወደ 7ኛና 9ኛ፣ አሉታዊው ወደ 2ኛና 3ኛ ሲገናኝ፣ በመካከል የተቀጠለ ቴስተር ትንሽ ኮረንት ያሳያል። በሁለቱ መካከል የሚያገናኝ ሽቦ የለም፤ ያለው ባዶ ቦታ ብቻ ነው። ባትሪው ሲገለበጥ ኮረንቱ ይጠፋል። ማሞቂያው ሲጠፋም ካቶዱ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ኤዲሰን ያስተዋለው፣ ፍሌሚንግ የተጠቀመበት ነገር ይኸው ነው።

በተማሪው ኪስ ያለው ስልክ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ትራንዚስተሮች አሉት፤ አንዱንም በዓይኑ ሊያይ አይችልም። ቫልቭ ግን ክፍሉ ሁሉ በጣት ይጠቆማል፤ የሚግለው፣ የሚለቀው፣ የሚቀበለው ይታያል። አሮጌ ሬዲዮ ያላችሁ ቤተሰቦች ለብረት ከመስጠታችሁ በፊት የጀርባውን ክዳን በጠጋኝ አስከፍታችሁ በመስታወቶቹ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። በጥቂት ብር የሚሸጠው ዕቃ ለአንድ ክፍል ተማሪ የዓመቱ ምርጥ የፊዚክስ ትምህርት ሊሆን ይችላል።