ዜማው ሲጠፋ ቃሉ ምን ይሆናል? የቢቸናና የሞጣ የቃል ግጥም ከጥንታዊው የቻይና ግጥም ጋር ሲነጻጸር



የዛሬው ገለጻዬ ዘፈን ወደ መጽሐፍ ሲገባ ስለሚደርስበት ነገር ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» እንላለን። አባባሉ እውነት ነው። ይሁንና ዘፈንን በሚመለከት አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል። ዘፈን ቃል አለው፤ ዜማ አለው፤ የሚያወርድ ሰውና የሚቀበል ሕዝብ አለው፤ የሚባልበት ቀንና ምክንያት አለው። መጽሐፍ ከእነዚህ ሁሉ በቀላሉ የሚይዘው ቃሉን ነው። ታዲያ ከመጽሐፉ የምንወርሰው ምንድን ነው?

ይህን ጥያቄ ሁለት አገሮችን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጬ እመረምራለሁ። አንደኛው የእኛው ምሥራቅ ጎጃም ነው፤ በተለይም ከደጀን ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ የሚያልፍባቸው ቢቸና፣ ደብረ ወርቅና ሞጣ ከነገጠራቸው። ሁለተኛው ቻይና ነው። ቻይናን የመረጥሁበት ምክንያት ግልጽ ነው። ዘፈንን ሰብስቦ በመጻፍ ረገድ ያላት ተሞክሮ እጅግ ረጅም በመሆኑ፣ ምን እንዳተረፈችና ምን እንዳጣች ለይቶ ማየት ይቻላል።

ቃሉ የቀረ፣ ዜማው የሄደ

የቻይና ግጥም ታሪክ የሚጀምረው በዘፈን መድበል ነው። ሺጂንግ የተባለው፣ በእኛ ቋንቋ «የግጥም መጽሐፍ» ልንለው የምንችለው ጥንታዊ መድበል፣ 305 ግጥሞችን ይዟል። አብዛኞቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ11ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ የተባሉ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ 160ዎቹ የየአገሩ ዘፈኖች ሲሆኑ፣ 105ቱ የቤተ መንግሥት፣ 40ዎቹ ደግሞ የአምልኮና የመታሰቢያ መዝሙሮች ናቸው። የየአገሩን ዘፈን የሚጠሩበት ቃል «ነፋስ» ማለት ነው። ከየአቅጣጫው እንደሚነፍስ ነፋስ፣ ዘፈኑም የመጣበትን አገር ጠባይ ይናገራል እንደማለት ነው።

እነዚህ ሁሉ በዜማ የሚባሉ ነበሩ። ዛሬ ግን የአንዱም ጥንታዊ ዜማ በእጃችን የለም። ከቅዱሳት መጻሕፍቶቻቸው መካከል ይቆጠር የነበረው «የሙዚቃ መጽሐፍ»ም ጠፍቷል።

ዜማው ከጠፋ በኋላ የሆነው ነገር ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው። ዘፈኑ መቼ፣ በማን፣ ለምን እንደተባለ የሚያስታውስ ሲታጣ፣ ክፍተቱን ተርጓሚዎች ሞሉት። በሃን ሥርወ መንግሥት ዘመን ማኦ በተባለ ሊቅ ስም የሚጠራው ትርጓሜ ከሌሎቹ በልጦ ጸና። ይህ ትርጓሜ የመድበሉን የመጀመሪያ ግጥም፣ ላይ ላዩን ሲያነቡት የወንድና የሴት መፈላለግን የሚናገረውን፣ የንግሥቲቱን በጎ ምግባር እንደሚያወሳ አድርጎ ፈታው። ሌሎች የፍቅር ዘፈኖችም እንዲሁ የንጉሥና የባለሟል፣ የፍትሕና የበደል ምሳሌ ሆነው ተነበቡ። ትርጓሜው ጥልቅ ነው፤ ለብዙ መቶ ዓመታትም የሊቃውንት መማሪያ ሆኗል። ነገር ግን ዘፈኑን ያወረዱት ሰዎች ያን ማለታቸው ይሁን አይሁን የሚመሰክር አልነበረም።

ሁለተኛው ተሞክሮ የመንግሥት ነው። የሃኑ ንጉሠ ነገሥት ዉ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ዩዌፉ የተባለውን የሙዚቃ መሥሪያ ቤት አስፋፉ። መሥሪያ ቤቱ ለሥርዓተ መንግሥት የሚሆን ዜማ ያዘጋጅ፣ የየክፍለ አገሩንም ዘፈን ይሰበስብ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7 ዓመት ግን፣ ዘፈኑ ምግባር ያበላሻል በሚል ወቀሳ ተዘጋ። ከ800 በላይ ከሚሆኑት ሠራተኞቹ ከግማሽ የሚበልጡት ተሰናበቱ። የዘፈኑ ዓይነት ስም ግን መሥሪያ ቤቱን ተሻግሮ ኖረ። በሶንግ ዘመን ጉዎ ማዎቺያን የተባለ ሊቅ በዚህ ስም የሚጠሩትን ግጥሞች በ100 ክፍል ሰበሰበ። እርሱም የሰበሰበው ቃል ነው።

ዕቃው አንድ፣ የሚሞላው ልዩ ልዩ

ሦስተኛው ተሞክሮ ከእኛ ልማድ ጋር በጣም ይቀራረባል። በታንግ ዘመን ተጀምሮ በሶንግ ዘመን የበሰለ ትሲ የተባለ የግጥም ዓይነት አለ። ገጣሚው አስቀድሞ የሚታወቅ ዜማ ይመርጥና በዜማው ልክ አዲስ ቃል ያበጃል። ሥራውንም «ቃል መሙላት» ይሉታል። የግጥሙ ርእስ ሆኖ የሚጻፈው የዜማው ስም ነው። ስለዚህ ጦርነትን የሚናገር ግጥም ከጦርነት ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው የዜማ ስም ይዞ ይገኛል።

ይህን ለኢትዮጵያዊ አድማጭ ማስረዳት አይከብድም። ትዝታ የቅኝት ስም ነው፤ የዘፈንም ስም ነው። ባቲና አምባሰል የቦታ ስሞች ናቸው፤ ነገር ግን በአምባሰል የሚዘፍን ሰው ስለ አምባሰል ተራራ የመናገር ግዴታ የለበትም። አዝማሪው የታወቀውን ዕቃ ይዞ በዕለቱ ቃል ይሞላዋል። የቻይናም ሆነ የእኛ ዋና ዋና ቅኝቶች በአምስት ድምፅ ላይ መመሥረታቸው ንጽጽሩን የበለጠ ያቀርበዋል።

በቅኔ ቤትም የሚመሳሰል ነገር እናገኛለን። ሚበዝኁና ዘአምላኪየ ስማቸውን ያገኙት ከሚከተሉት የዳዊት መዝሙር ቃል ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ ዘአምላኪየ ሦስት፣ መወድስ ስምንት ቤት አለው። ልኩና ዜማው የታወቀ ነው፤ ቅኔው ግን በየዕለቱ አዲስ መሆን አለበት። በቢቸና አጠገብ በዲማ ጊዮርጊስ፣ በደብረ ወርቅም የተማሩ ሰዎች ይህን በሚገባ ያውቁታል። ሐዲስ ዓለማየሁ ወደ ልብ ወለድ ከመግባታቸው በፊት በእነዚህ ደብሮች ተምረዋል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ፍቅር እስከ መቃብርም ያንን የትምህርት ዓለም ለብዙ አንባቢ አስተዋውቋል።

የትሲ ዜማዎች መጨረሻቸው ምን ሆነ? ስማቸውና ልካቸው ቀርቶ ድምፃቸው ጠፋ። ገጣሚዎች ዜማውን ሳያውቁ፣ የፊደሉን ልክ ብቻ እየቆጠሩ መጻፍ ቀጠሉ። ከዚህ ጥፋት የተረፈው ጥቂት ነው። ከ1155 እስከ 1221 እ.ኤ.አ. ገደማ የኖረው ጂያንግ ኩዪ፣ ገጣሚም ሙዚቀኛም ስለነበረ፣ ለ17 ግጥሞቹ ከቃሉ ጎን የዜማ ምልክት ጽፎ ተወ። ሩላን ቻው ፒያን የሶንግ ዘመን የሙዚቃ ምንጮችን በመረመሩበትና በ1967 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፋቸው እነዚህን ምልክቶች በሰፊው አጥንተዋል። አንድ ሰው ከቃሉ ጎን ምልክት ለመጻፍ መድከሙ፣ ከስምንት መቶ ዓመት በኋላ ስለዚያ ዘመን ድምፅ ለመነጋገር አስችሏል።

የድጓው ምልክትና መምህሩ

እኛም የዜማ ምልክት አለን። ድጓን የደረሰው ቅዱስ ያሬድ መሆኑን ትውፊታችን ይናገራል፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉት ሦስቱ የዜማ ስልቶችም በእርሱ ስም ይጠራሉ። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክት እንደሠሩለት ይነገራል። ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ርክርክ የሚባሉት ከእነዚህ መካከል ናቸው። ከእነርሱ ሌላ ብዙ ፊደላዊ ምልክቶች አሉ፤ እነዚህ ከታወቀ የዜማ ሐረግ ቃል ላይ የተቀነሱ ፊደላት ናቸው። ኬይ ካፍማን ሸለማይና ፒተር ጄፍሪ ከ1993 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሦስት ቅጽ ሥራ ይህን ሥርዓት ከቅጂዎች፣ ከድምፅና ከመምህራን ጋር አገናዝበው አቅርበዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። ፊደላዊው ምልክት ዜማውን አያስተምርም፤ አስቀድሞ ዜማውን የሚያውቀውን ያስታውሰዋል። መምህር የሌለው ሰው ድጓውን ቢይዝ ምልክቱን ያያል፣ ዜማውን አይሰማም። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን ዜማ የቆየው መጽሐፉና ጉባኤው አብረው ስለቆዩ ነው።

የቢቸናና የሞጣ ምስክር

አሁን ወደ ዓለማዊው የቃል ግጥም ልምጣ። ቀረርቶ፣ ሽለላ፣ ፉከራ፣ እንጉርጉሮ፣ የሥራ ዘፈንና ሙሾ ምልክትም ጉባኤ ቤትም የላቸውም። ያላቸው የሚያወርድና የሚቀበል ሰው ነው።

በወረቀት ላይ ምን እንደሚጎድል በሁለት ምሳሌ ላሳይ። አንደኛ፣ በስድስት በስድስት ቀለም የሚሄደው ወል ቤት ለአጨዳም፣ ለሠርግም፣ ለቀረርቶም፣ ለሙሾም ያገለግላል። ገጹ ላይ አራቱም አንድ ይመስላሉ። ድምፁን ስቦ የሚያቀረራውን ከሚፎክረው የሚለየው አባባሉ ነው። ሁለተኛ፣ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «አለ» ላልቶ ሲነገር ተናገረ ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነገር በሕይወት ይኖራል፣ እዚህ ይገኛል ማለት ነው። ይህ ቃል በሙሾ ውስጥ ሲመጣ አልቃሿ የሟቹን ንግግር ማስታወሷ ነው ወይስ ሟቹ እንዳልሞተ መናገሯ? ወይስ ሁለቱንም አውቃ ማንሣቷ? ለቀስተኛው ከድምፅዋ ያውቃል፤ አንባቢው ይገምታል።

ግምቱ ቀላል ነገር አይደለም፤ የታሪክ ምስክርነት ነውና። ደጃዝማች በላይ ዘለቀ በጠላት ወረራ ዘመን በቢቸና አካባቢ ጦር አሰልፈው ተዋጉ፤ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በስቅላት ተቀጡ። ስለ እርሳቸው ሕዝቡ ያለውን በቀረርቶና በሙሾ ነው ያለው። በ1960 ዓ.ም. በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት የጎጃም ገበሬ ሲያምፅ፣ ሞጣና ቢቸና ከአመፁ ዋና ዋና ቦታዎች መካከል ነበሩ። ገብሩ ታረቀ በ1991 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የገበሬ አመፆች ታሪክ ነገሩን ከነምክንያቱ ተንትነውታል። የሹማምንቱ ደብዳቤ በመዝገብ ቤት ይቀመጣል። ገበሬው ግን ብሶቱን በደብዳቤ አልጻፈም፤ አንጎራጉሮታል። ጌቴ ገላዬ በደጀን አካባቢ ስለሚገኘው የትኖራ፣ ቀጥሎም በጠቅላላው ስለ ምሥራቅ ጎጃም ገበሬዎች የቃል ግጥም በ2000 እና በ2001 እ.ኤ.አ. ያሳተሟቸው መጻሕፍት፣ ይህ ድምፅ ለደርግ ዘመን የኅብረት ሥራ ማኅበራት ታሪክ ምን ያህል ምንጭ እንደሚሆን አሳይተዋል። በዘርፉ የምንሠራ ሁሉ ባለዕዳቸው ነን።

ከማኦ ትርጓሜ የምንማረው ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ይመጣል። እኛ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ሰምና ወርቅን ስለምንወድ፣ ባገኘነው ዘፈን ሁሉ ወርቅ ለመፈለግ እንቸኩላለን። አንዲት ሴት ስለ ሄደ ወዳጅዋ ያንጎራጎረችውን ስለ መንግሥት ነው እንላለን። ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። የሚፈርደው ዘፈኑ የተባለበት ቀን፣ ቦታና ሰሚ ነው። እነዚህን ካልመዘገብን የሚመጣው ተማሪ ከእኛ ግምት በቀር የሚይዘው አይኖረውም።

ከእኛ የሚጠበቀው

ለመመረቂያ ጽሑፍ ወደ ገጠር የምትወጡ ተማሪዎች አራት ነገር እንድትይዙ አሳስባለሁ። ድምፁን ቅዱ፤ ቃሉን ከቅጂው ላይ ጻፉ፤ የሚጠብቀውንና የሚላላውንም ለዩ። ማን አወረደው፣ ማን ተቀበለው፣ ለምን ተባለ የሚለውን መዝግቡ። አንዱን ግጥም ከአንድ ሰው ብቻ ሰምታችሁ አትመለሱ፤ በሞጣ የሚባለው በቢቸና ተለውጦ ይገኛልና፣ ልዩነቱን አታርሙት። በመጨረሻም አስፈቅዱ። ሙሾ የአንድ ቤተሰብ ኀዘን ነው፤ ቤተሰቡ ይውጣ ያላለውን ማውጣት አይገባም።

የድምፅ ቅጂም ብቻውን አይበቃም የሚል ክርክር ይነሣል፤ ትክክል ነው። ቅጂ የአንድን ቀን አባባል ብቻ ይይዛል። የድጓው ተሞክሮ እንደሚያሳየው፣ ምልክት የሚናገረው ለሚያውቅ ሰው ነው። ስለዚህ ቅጂዎቹ ወደተገኙበት ቀበሌ ትምህርት ቤት ተመልሰው፣ አዋቂዎቹ በሕይወት ሳሉ ልጆች ከእነርሱ ጋር ሊሰሟቸው ይገባል።

ጊዜው አጭር ነው። በ1960 ዓ.ም. የሃያ ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ከሰባ አምስት ዓመት በላይ ነው። ያን ዘመን በዜማው የሚያስታውሱን ሰዎች ቁጥር በየክረምቱ ይቀንሳል። ቻይናውያን የ305 ዘፈኖች ቃል ይዘው ድምፁን ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሲፈልጉ ኖረዋል። እኛ ግን ባለ ድምፆቹን ዛሬም በቢቸናና በሞጣ እናገኛቸዋለን፤ መቅጃውም በየኪሳችን አለ።