የበረራ ደህንነት ከጥገና ማዕከሉ አጥር ውጭም ይጠበቃል

ከቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላምና ከሌሎች የምዕራብ ጎጃም አካባቢዎች ተነስተው በባሕር ዳር በኩል በአየር የሚጓዙ መንገደኞች በረራ ሲዘገይ ወይም ቴክኒሺያኖች የሞተር ሽፋን ከፍተው ሲፈትሹ ስለ አውሮፕላኑ ጥገና መስጋታቸው የተለመደ ነው። ስጋቱ ተገቢ ነው። ይሁንና በባሕር ዳር ለደረሰው ከባድ የአውሮፕላን አደጋ መንስኤው የጥገና ጉድለት አልነበረም።

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም ንብረትነቱ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሆነ ቦይንግ 737 አውሮፕላን በበረራ ቁጥር 604 ከባሕር ዳር ወደ አስመራ ለመጓዝ በመነሳት ላይ እንዳለ ከርግብ መንጋ ጋር ተጋጨ። ርግቦቹ በሁለቱም ሞተሮች ውስጥ በመግባታቸው አንደኛው ሞተር ወዲያውኑ ኃይሉን ሲያጣ፣ ሁለተኛው አውሮፕላኑ ወደ ማረፊያው ለመመለስ በመዞር ላይ ሳለ ሥራውን አቆመ። አብራሪዎቹ ጎማ ሳይዘረጉ አውሮፕላኑን በሆዱ ለማሳረፍ ተገደዱ። አውሮፕላኑም በእሳት ተያያዘ። ከተሳፈሩት 104 ሰዎች መካከል 35 መንገደኞች ሕይወታቸው አለፈ።

የአውሮፕላን ጥገና ዕለት ተዕለት የሚከናወን ሥራ ነው። ከበረራ በፊት አውሮፕላኑ ዙሪያውን ይታያል፤ አብራሪው ያጋጠመውን ብልሽት በቴክኒክ መዝገብ ላይ ያሰፍራል፤ ፈቃድ ያለው ቴክኒሺያንም ብልሽቱን አስተካክሎ ወይም በተፈቀደው ገደብ መሠረት ለሌላ ጊዜ አስተላልፎ ይፈርማል። ከዚህ ሌላ በበረራ ሰዓትና በጊዜ ልክ የሚደረጉ ምርመራዎች ሲኖሩ፣ ከባዱ ምርመራ አውሮፕላኑን ከአገልግሎት ውጭ አድርጎ ክፍሎቹን እስከ መፍታት ይደርሳል። መንገደኛውን የሚያማርረው መዘግየት ብዙ ጊዜ ይህ ፊርማ እስኪሟላ የሚወስደው ጊዜ ነው። ሳይፈረም የሚነሳ አውሮፕላን ግን ይበልጥ ሊያሳስበው በተገባ ነበር።

ሆኖም ጥሩ ጥገና ሁሉንም አደጋ አይከላከልም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም በቢሾፍቱ አቅራቢያ የ157 ሰዎችን ሕይወት የቀጠፈው የቦይንግ 737 ማክስ አደጋ ከአውሮፕላኑ የንድፍ ችግር ጋር የተያያዘ ነበር። አንድ ጠቋሚ መሣሪያ የተሳሳተ መረጃ በመስጠቱ የአውሮፕላኑ አውቶማቲክ ሥርዓት አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ገፍቶታል። ጠቋሚው ለምን እንደተሳሳተ መርማሪዎች አልተስማሙም። የኢትዮጵያ ወገን የኤሌክትሪክ ችግርን ሲያመለክት፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ከባዕድ አካል፣ ምናልባትም ከወፍ ጋር ሳይጋጭ እንዳልቀረ ገልጿል።

የጄት ሞተር በፋብሪካ ሲፈተን ወፍ የሚችል መሆኑ ይረጋገጣል። ሁለቱም ሞተሮች በአንድ ጊዜ መንጋ ሲገጥማቸው ግን ፈተናው ከአቅማቸው በላይ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ በጥር 2009 ከኒውዮርክ የተነሳ ኤርባስ ከዝይ መንጋ ጋር ተጋጭቶ በሃድሰን ወንዝ ላይ ሲያርፍ 155ቱም ተሳፋሪዎች ተርፈዋል። ባሕር ዳር ላይ እንዲህ ያለ ዕድል አልተገኘም። ከተማዋ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ አየሩ ሳስቶ የሞተርን ኃይል ይቀንሳል፤ የጣና ሐይቅና ረግረጋማ ዳርቻው ደግሞ ለወፎች ምቹ ናቸው።

ሐይቁን ማራቅ አይቻልም፤ ወፍ የሚስበውን ነገር መቀነስ ግን ይቻላል። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መመሪያ አገሮች በአውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ የቆሻሻ መጣያና ሌሎች ወፍ የሚስቡ ነገሮች እንዳይኖሩ እንዲከላከሉ ይጠይቃል። ቆሻሻ፣ የቄራ ተረፈ ምርት፣ የተከማቸ ውኃና የፈሰሰ እህል ሁሉ ወፍ ይጠራሉ። በደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ አጥር ውስጥ ሣር የሚያጭዱና ወፍ የሚያባርሩ ሠራተኞች ቢመደቡም፣ ከአጥሩ ውጭ ያለው መሬት በሥራቸው ሥር አይደለም። ቄራ የት እንደሚሠራ፣ ቆሻሻ የት እንደሚደፋ፣ የጎርፍ ቦይ መቼ እንደሚጸዳ የሚወስነው የማዘጋጃ ቤቱ ሹምና የመሬት አስተዳደር ባለሙያው ነው።