ፊቱን ለፀሐይ ያዞረ ክፍል

የሳንሩም ሻጭ ቤት ድረስ ሲመጣ መጀመሪያ የሚዘረጋው ፎቶ ነው፦ ነጭ ወንበር፣ ለምለም ተክል፣ ከመስታወቱ ማዶ በረዶ የለበሰ ዛፍ። ክፍሉ ወደ የት እንደሚያይ ፎቶው አይናገርም። ከቤቱ ጋር ተያይዞ የሚሠራ፣ ግድግዳው በአብዛኛው መስታወት የሆነ ክፍል ለማሠራት ያሰበ ሰው ግን ከወንበሩም ከዋጋውም በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ይህንኑ ነው።

አዲስ አበባ ላደገ ሰው ጥያቄው እንግዳ ነው። ከተማዋ ከምድር ወገብ የምትርቀው 9 ዲግሪ ያህል በመሆኑ የቀትር ፀሐይ ከአናት ብዙም አትሸሽም፤ በሰኔማ ጭራሽ አናት አልፋ በሰሜን በኩል ነው የምትታየው። የአሜሪካዎቹ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ግን 39 ዲግሪ ገደማ ላይ ናቸው። እዚያ በታኅሣሥ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ከአድማስ ከፍ የምትለው 28 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ በሰኔ አጋማሽ ወደ 75 ትወጣለች። ደቡብን የሚያይ መስታወት ከዚህ ልዩነት ይጠቀማል። በብርዱ ወራት ዝቅ ያለችው ፀሐይ እስከ ክፍሉ ጥግ ዘልቃ ወለሉን ታሞቃለች፤ በሙቀቱ ወራት ከጣሪያው ትንሽ ወጣ ያለ ክፈፍ ይበቃታል። ምዕራብን የሚያይ ሳንሩም ደግሞ የሐምሌን የከሰዓት ፀሐይ ፊት ለፊት ይቀበላል፤ ክፈፍ አያድነውም። ከሥራ መልስ አረፍ ልበል ሲሉ የሚፋጅ ክፍል ነው። ሰሜን ብርሃን እንጂ ሙቀት የለውም። ምሥራቅ የጠዋት ነው፤ ደቡብ ካልተገኘ እኔ እሱን እመርጣለሁ።

የፈረንሳይ ነገሥታት ግንበኞች ይህን ከ300 ዓመት በፊት ያውቁት ነበር። ዡል አርዱዌን ማንሳር እ.ኤ.አ. ከ1684 እስከ 1686 በቬርሳይ ለብርቱካን ዛፎች የሠራው ቤት ትልልቅ መስኮቶቹን ወደ ደቡብ ከፍቶ ጀርባውን ከእርከኑ አፈር ጋር አጣብቋል። ጣሪያው ድፍን ግንብ ነው። የዛሬ ሻጭ ግን በተጨማሪ ዋጋ ጣሪያውንም መስታወት ሊያደርግልዎ ይፈልጋል። የሰኔዋ ፀሐይ የምታርፈው በጣሪያ ላይ መሆኑን ያስቡት፤ በታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ሙቀቱ በዚያው ያመልጣል። ድፍን ጣሪያ አሠርቶ ልዩነቱን ለመስታወቱ ጥራት ማዋል ይሻላል።

አዲስ መስታወት ላይ ኤንኤፍአርሲ የሚል የብቃት መግለጫ ወረቀት ተለጥፎ ይመጣል፤ ሠራተኛው ሳይልጠው ማንበብ ነው። ሁለት ቁጥር ይበቃል። ዩ ፋክተር የሚለው ሙቀት በመስታወቱ በኩል ምን ያህል እንደሚያመልጥ ይናገራል፤ ባለ አንድ ንጣፍ ተራ መስታወት ወደ 1 ይጠጋል፣ ሎው ኢ የሚባለው ስስ የብረት ቅብ ያለበትና በመሐሉ አርጎን ጋዝ የተሞላ ባለ ሁለት ንጣፍ 0.30 አካባቢ ነው። ሌላው ኤስኤችጂሲ ነው። 0.25 ካለ ከፀሐይ ሙቀት ሩቡ ብቻ ይገባል ማለት ነው። ለምዕራብ ዝቅ ያለው፣ ለደቡብ ከፍ ያለው ይስማማል። ለሦስቱም ግድግዳ አንድ ዓይነት መስታወት ያቀረበ ሻጭ ስለ አቅጣጫው አላሰበም።

ቀጥሎ የሚመጣው «ስሪ ሲዝን ወይስ ፎር ሲዝን?» የሚለው ነው። የመጀመሪያው ማሞቂያ የለውም፤ ዋጋው ይረክሳል፣ ግን በጥር ማሰሮ ላይ ያለውን በሶብላ ውርጭ ይገድለዋል፤ ቤቱ ሲሸጥም ገማቹ ከመኖሪያ ስፋት አይቆጥረውም። ሁለተኛው እንደ ቀሪው ቤት ታሽጎ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ይገባለታል። በቤቱና በሳንሩሙ መካከል ያለውን በር ግን አያስነሱ። የአሜሪካ የኃይል ቁጠባ ደንብ ከግድግዳና ከጣሪያው ከ40 በመቶ በላይ መስታወት ለሆነ ሳንሩም ላላ ያለ መስፈርት የሚፈቅደው በግድግዳና በበር ከቤቱ ሲለይ ነው፤ በሩ ከተነሣ ያንን ሁሉ መስታወት የሚያሞቀው የቤቱ ማሞቂያ ነው። ደግሞም ፎር ሲዝን አየር የማያስገባ ክፍል ነውና ቡና በከሰል አይፈላበትም። የነደደ ከሰል ሽታ የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ሰው ይገድላል። የኤሌክትሪክ ምድጃ ይግባ።

ዝናብ ሲዘንብ ሳንሩም በአብዛኛው የሚያፈሰው በመስታወቱ ሳይሆን አዲሱ ጣሪያ ከአሮጌው ግድግዳ በሚገናኝበት መስመር ነው። ጠንቃቃ ሠራተኛ ሳይዲንግ የሚባለውን የግድግዳውን የውጭ ልባስ ያነሣና ፍላሺንግ የሚባለውን የታጠፈ ቆርቆሮ ከሥሩ ያስገባል፤ ከላይ የወረደ ውኃ በቆርቆሮው ላይ አልፎ ወደ ውጭ ይፈስሳል። ችኩሉ ቆርቆሮውን ከሳይዲንጉ በላይ ይለጥፍና ጠርዙን በሲሊኮን ይደፍነዋል። በመጀመሪያው ዓመት ሁለቱም አንድ ይመስላሉ። ፀሐይና ብርድ ሲፈራረቁበት ግን ሲሊኮኑ ይላቀቃል፤ ውኃው የሚገባው ከሳይዲንጉ ጀርባ ስለሆነ እንጨቱ እስኪበሰብስ አይታይም። ይህ ሥራ ሲሠራ ቤት መገኘት ያስፈልጋል።

መሠረቱን በተመለከተ፣ ያለው ዴክ (ከቤቱ ውጭ ያለው የእንጨት መድረክ) ላይ እንሥራው የሚል ሐሳብ ቶሎ ይመጣል። ዴክ ግን ለሰውና ለወንበር እንጂ ለመስታወትና ለጣሪያ ክብደት አልተሰላም። ከዚያም ብርዱ አለ፦ አፈር ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ ሲሆን ይሰፋና በላዩ ያለውን ያነሣል፤ በር አልዘጋ ይላል፣ መስታወት ይሰነጠቃል። ስለዚህ የመሠረቱ ጉድጓድ ብርዱ ከሚደርስበት በታች መውረድ አለበት፤ በዋሽንግተን ዙሪያ ከ24 እስከ 30 ኢንች። ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት የካውንቲው ኢንስፔክተር መጥቶ ጉድጓዱን ይለካል። ይህ የሚሆነው የግንባታ ፈቃድ (ፐርሚት) ሲወጣ ነው። ኮንትራክተሩ «ፐርሚቱን አንተ በስምህ አውጣው» ካለ ኃላፊነቱን ወደ እርስዎ እያዞረ ነውና ሌላ ኮንትራክተር ይፈልጉ።