ንቅሳት ማጥፋት ለምትፈልጉ፦ በረኪናም የባትሪ አሲድም አትንኩ

ከጥቂት ወራት በፊት ከካምፕ ወደ ጅቡቲ ከተማ የወረድኩት ለትምህርት ጉዳይ አልነበረም። አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ከባልባላ ደውላ «ቲቸር፣ ፊቴ ተቃጠለ፣ ምን ላድርግ?» አለችኝ። ስደርስ ግንባሯን በሻሽ ሸፍና ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። የመስቀል ንቅሳቷን ለማጥፋት በጨውና በበረኪና ፈትጋው ቆዳዋ ተልጧል። መስቀሉ ግን ከቁስሉ ስር ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ለምን እንዲህ እንዳደረገች ስጠይቃት፣ ባሕሩን ተሻግራ በየመን በኩል ለመሄድ አስባ እንደነበር ነገረችኝ። መንገድ ላይ በንቅሳቴ ይለዩኛል ብላ ፈርታለች። በ2015 እ.ኤ.አ. ሊቢያ ውስጥ ወገኖቻችን በሃይማኖታቸው ምክንያት ሲገደሉ ያየ ሰው ይህን ፍርሃት በደንብ ይረዳዋል። እኔም ግንባሬ ላይ መስቀል አለኝ፤ ልጅ ሆኜ ነው ያስነቀሱኝ። ስለዚህ አልፈረድኩባትም። ግን ሌሎቻችሁ እንዳትጎዱ ጠይቄና አንብቤ ያወቅሁትን ልጻፍላችሁ።

ንቅሳት ለምን በፍተጋ አይለቅም?

በአገራችን እናቶቻችን ጥቀርሻ ከቅጠል ጭማቂ ጋር ለውሰው በመርፌ ወይም በእሾህ ይወጉ ነበር። ግንባር ላይ ለእምነት፣ አንገት ላይ ለጌጥ፣ አንዳንዴም እንቅርት ይከላከላል በሚል ነው። ጥቀርሻው የሚቀመጠው ላይ ባለው ስስ ቆዳ ላይ ሳይሆን ከሱ ስር ባለው ወፍራም ቆዳ ውስጥ ነው። የላይኛው ቆዳ በየጊዜው ይረግፋል፣ ይታደሳል። የስሩ ግን እንደዚያ አይረግፍም። ለዚህ ነው ዕድሜ ልክ የሚቆየው።

እንግዲህ በፍተጋ ወይም በኬሚካል ንቅሳቱ ጋ ለመድረስ ቆዳችንን እስከ ጥልቁ ማቃጠል አለብን ማለት ነው። የሚተርፈን ጠባሳ ነው። ገበያ ላይ «ንቅሳት ያጠፋል» እየተባለ የሚሸጥ ቅባትም ያው ነው፦ ደካማ ከሆነ አይደርስም፣ ኃይለኛ ከሆነ ያቃጥላል።

በትክክል የሚያጠፉት መንገዶች

አንደኛው ሌዘር ነው። በጣም አጭር የሆነ የብርሃን ምት ቀለሙን ወደ ደቃቅ ቅንጣት ይሰብረዋል፤ ከዚያ የሰውነታችን ነጭ የደም ሴሎች ቀስ በቀስ ጠርገው ያስወግዱታል። ለዚህ ነው በአንድ ቀን የማያልቀው። ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ዙር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ በየዙሩ መካከል ቢያንስ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይጠበቃል። መልካሙ ነገር፣ ጥቁር ቀለም ከሁሉም በተሻለ ለሌዘር ይታዘዛል፤ የእኛ የጥቀርሻ ንቅሳት ደግሞ ጥቁር ነው። አረንጓዴና ቢጫ ግን ያስቸግራሉ።

ለጥቁር ቆዳ አንድ ጥንቃቄ አለ። ሌዘሩ የቆዳችንንም ቀለም ሊመታ ስለሚችል ነጭ ምልክት ወይም ጥቁር ጥላ ሊያስቀር ይችላል። ለእኛ ቆዳ የሚመረጠው ኤንዲ-ያግ የሚባለው ሌዘር ነው፤ የሞገድ ርዝመቱ 1064 ናኖሜትር ነው። ክሊኒክ ከገባችሁ «ማሽኑ ምንድን ነው? እንደኔ ጥቁር ቆዳ ላይ ሰርታችሁ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ላይ ትሞክሩልኛላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። የውበት ሳሎን የፀጉር ማንሻ መብራት ለንቅሳት አይሆንም፣ ያቃጥላል። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ደግሞ እስክትወልድ ብትቆይ ይሻላል።

ሁለተኛው ቀዶ ጥገና ነው። ትንሽ ንቅሳት ከሆነ ሐኪሙ በማደንዘዣ ቆርጦ ያወጣውና ይሰፋዋል። በአንድ ቀን ያልቃል፣ የሚቀረው የስፌት መስመር ነው። አንገት ለሚዞር ንቅሳት ግን አይመችም። ቁስላችሁ ሲድን የሚያብጥና የሚጠነክር ዓይነት ከሆነ ለሐኪሙ አስቀድማችሁ ንገሩ። ይህ ኬሎይድ ይባላል፤ ጥቁር ቆዳ ላይ ይበዛል።

ሦስተኛው መሸፈን ነው። ብርቱካንማ ቀለም ያለው መኳኳያ ከስር፣ የራስን ቆዳ የሚመስል ፋውንዴሽን ከላይ ቢቀባ ሰማያዊ ጥቁሩ ንቅሳት ይጠፋል። ሻሽና ነጠላም አለ። በላዩ ሌላ ንቅሳት መነቀስም ይቻላል፤ ግን መርፌው አዲስ ካልሆነ ኤች አይ ቪና የጉበት ቫይረስ ያስተላልፋል።

እውነቱን እንነጋገር

የካምፓችን ጤና ጣቢያ ሌዘር የለውም። ስጠይቃቸው፣ ንቅሳት ማጥፋት እንደ ውበት ስለሚቆጠር ሪፈር አይጻፍለትም አሉኝ። በግል ለመሄድ ደግሞ ዋጋው ለየዙሩ ነው፣ ለብዙዎቻችን አይቀመስም። አሁን ካልቻላችሁ ንቅሳቱ ይቆያል፣ አይሸሽም። ነገ ወደ ሌላ አገር ብትሄዱም እዚያ ይጠፋል። በአሲድ የተቃጠለ ፊትን ግን ወደ ነበረበት የሚመልስ ሌዘር የለም።

ቀድሞ ለተቃጠለ ሰው

ወዲያውኑ በንጹህ ውሃ፣ ቢያንስ 20 ደቂቃ፣ ሳታቋርጡ እጠቡት። በካምፕ ውሃ ውድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ጄሪካኑን አትሰስቱለት። ዓይን ከነካ ዓይኑንም እጠቡ። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቡና አትቀቡ። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ቃጠሎ ውበት አይደለም፣ ሕክምና ነው። የቴታነስ ክትባትም ጠይቁ። ሲድን ከጅቡቲ ፀሐይ ሸፍኑት፤ አዲስ ቆዳ በፀሐይ ይጠቁራል።

ልጅቷን ወደ ሐኪም ወሰድኳት። ቁስሉ ድኗል፣ ጠባሳው ግን ከመስቀሉ ይልቅ ጎልቶ ይታያል። «ቲቸር፣ መጀመሪያ ብደውልልዎት ኖሮ» አለችኝ። እናንተ መጀመሪያ ጠይቁ። ያፈራችሁ ካላችሁ ከትምህርት በኋላ ኑ፣ እኔ አብሬያችሁ ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ። የኔን መስቀል አይታችሁ ትለዩኛላችሁ።