ሳይኮሎጂ ተምሮ ስራ የት አለ? አንዱ መልስ ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው

ሳይኮሎጂ ተማርኩ ስትሉ ሰው የሚጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው፦ "እስቲ አሁን ምን እያሰብኩ ነው?" እና "ቆይ፣ ስራ የት ልታገኝ ነው?" የመጀመሪያውን እንተወው። ሁለተኛው ግን መልስ አለው፤ ለሀዋሳ ልጅ ደግሞ ቅርብ ነው።

የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ እስከ 60 ሺህ ሰው ይቀጥራል ተብሎ ነበር። አብዛኞቹ ሰራተኞች ከዙሪያው ገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። ትልቁ ራስ ምታት ምን ሆነ መሰላችሁ? ሰው መቅጠር ሳይሆን ማቆየት። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ሪፖርት፣ የፓርኩ መነሻ ደሞዝ በወር 26 ዶላር እንደነበርና ፋብሪካዎቹ በአማካይ በአንድ ዓመት ውስጥ ሰራተኞቻቸውን በሙሉ በአዲስ እንደሚተኩ ጽፈዋል።

ነገሩ የሀዋሳ ብቻ አይደለም። ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ አምስት ድርጅቶች ውስጥ ባጠኑት ጥናት፣ ከተቀጠሩት ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶው ደግሞ በዓመት ውስጥ ስራውን ለቀዋል።

አለቃ ይህን ሲያይ "ሰነፎች ናቸው" ሊል ይችላል። የሳይኮሎጂ ባለሙያ ግን "ለምን?" ብሎ ይነሳል። ስራውም እዚህ ጋ ይጀምራል፦

1. ከቅጥር በፊት እውነቱን መንገር። ስንት ሰዓት እንደሚቆም፣ እጅ ላይ የሚደርሰው ስንት እንደሆነ፣ የቤት ኪራይ ስንት እንደሚወስድ። ዘዴው ከ1970ዎቹ ጀምሮ በውጭ አገር በብዙ ጥናት ተፈትሿል። ተአምር አይሰራም፣ ግን "ተታለልኩ" የሚለውን ስሜት ይቀንሳል።

2. ሱፐርቫይዘሮችን ማሰልጠን። የሰራተኛዋን ቋንቋ የማይችል አለቃ ሲጮህ እሷ የምትሰማው ስድብ ብቻ ነው። ስህተትን ሳያዋርዱ ማረም የሚማሩት ክህሎት ነው።

3. የሚለቁትን መጠየቅ። ደሞዝ ነው? ህመም ነው? የማታ መንገድ ያስፈራል? መልሱን ሰብስቦ በቁጥር ማቅረብ። አዎ፣ ያ የጠላነው የስታትስቲክስ ኮርስ እዚህ ነው የሚያስፈልገው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። ምክር ኪራይ አይከፍልም። ደሞዙ የማያኖር ከሆነ "ጭንቀትን መቋቋም" የሚል ስልጠና ችግሩን ሰራተኛዋ ላይ መጫን ነው የሚሆነው። ጥሩ ባለሙያ ለአለቃው "ችግሩ ከሰዎቹ ሳይሆን ከስራው ነው" ለማለት መድፈር አለበት። በምስጢር የተነገረውንም ለአለቃ አሳልፎ አይሰጥም። አንዴ ካወጣ በቃ፣ ማንም እውነቱን አይነግረውም።

ገበያውም ቀላል አይደለም። አሜሪካ በጥር 2022 እ.ኤ.አ. የአጎዋን ከቀረጥ ነጻ ዕድል ስታግድ ፓርኩ ክፉኛ ተጎድቷል። "ሳይኮሎጂስት እንፈልጋለን" የሚል ማስታወቂያ ፓርኩ በር ላይ አትጠብቁ። የስራው ስም ብዙ ጊዜ "የሰው ሀብት"፣ "ስልጠና" ወይም "የሰራተኛ ግንኙነት" ነው።

ገና ተማሪ ከሆናችሁ የመመረቂያ ጥናታችሁን "ሰራተኞች ለምን ይለቃሉ?" በሚለው ላይ ስሩ። ኤክሴል ልመዱ። ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ የምትችሉ ደግሞ ሲቪያችሁ ላይ ከላይ ጻፉት፤ ሰው የልቡን የሚናገረው በአፍ መፍቻው ነው።