ሰማያዊ ዓይን አያታልላችሁ!

«ንጹህ ሃስኪ ነው፣ ዓይኑን እየው!» ካላችሁ ሻጭ ጋር አትቸኩሉ። የብዙ ቡችሎች ዓይን መጀመሪያ ሰማያዊ መስሎ ኋላ ይለወጣል። እውነተኛው የሳይቤሪያ ሃስኪም ቡናማ ዓይን ሊኖረው ይችላል።

ታዲያ ምኑን እንይ? ያደገው ሃስኪ ጆሮው ባለ ሦስት ማዕዘንና ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። ፀጉሩ ድርብ ነው፤ ከውስጥ ለስላሳና ጥቅጥቅ ያለ፣ ከላይ ረዘም ያለ። ጅራቱ እንደ ቀበሮ የጎፈረ ሆኖ ሲነቃቃ ወደ ጀርባው እንደ ማጭድ ይጎብጣል። ወንዱ እስከ ትከሻው ከ53 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ20 እስከ 27 ኪሎ ነው። ከዚህ በጣም ከገዘፈ ማላሙት ወይም ድቅል ሊሆን ይችላል። ቡችላ ላይ ግን ይሄ ሁሉ ገና አይለይምና እናትና አባቱን ሳታዩ ብር አትቁጠሩ።

አንድ ወዳጄ ኒሯቅ ላሉት እናቱ «ግቢ ይጠብቅላቸዋል» ብሎ ሃስኪ ሊልክ ሲል «ተው!» አልኩት። በ1925 እ.ኤ.አ. አላስካ ውስጥ ለኖም ከተማ የዲፍቴሪያ መድኃኒት በዚያ ሁሉ ብርድ ያደረሱት የበረዶ ሸርተቴ ጎታች ውሾች ናቸው። ለብርድ የተፈጠረን እንስሳ ለቆላ ሙቀት መስጠት ግፍ ነው። ደግሞ ሃስኪ ሰው ወዳድ ነው፤ ሌባውንም ጅራቱን እየቆላ ይቀበለዋል!

ለግቢ ጥበቃ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የተከተበ ያገራችን ውሻ ይበቃል።